የጠፋችው ማሽን አሁንም ትሸጣለች

ካሸሯ ፋኢዛ ስትጮህ እኔ በረንዳ ላይ ወንበር እያወረድኩ ነበር። ጩኸቷን አውቀዋለሁ። አይጥ ስታይ ሌላ ነው፣ እኔ ስተርባት ሌላ ነው። ይሄኛው ግን አዲስ ነበር።

"ደጋጋ! ማሽኗ የለችም!"

"የቷ ማሽን?"

"የደረሰኟ ናታ! ሌላ ምን ማሽን አለን?"

ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ማሽኗ የምትቀመጥበት ቦታ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው አቧራ። ገመዷ ተነቅሏል። ከጎኗ የምትቀመጠው፣ ሲም ካርድ ያላት ትንሿ ሣጥንም የለችም። ሣጥኗ ምን ነበረች መሰላችሁ? የሸጥነውን ሁሉ በቀጥታ ለግብር ቢሮ የምታቃጥርብን ናት።

ማክሰኞ ነው፣ ፋሲካ ገና አልፎ። ጸሎተ ሐሙስ ቀን ዘግተን ገና ያን ጠዋት መክፈታችን ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ቢራው እንዳለ ተደርድሯል፣ ቴሌቪዥኑም ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ያየናል። እስቲ ንገሩኝ፣ ካዛንቺስ ገብቶ፣ ቢራ ትቶ፣ ቲቪ ትቶ፣ የደረሰኝ ማሽን ተሸክሞ የሚወጣ ምን ዓይነት ሌባ ነው? እኔ የሰፈራችንን ሌቦች አውቃቸዋለሁ። እንደዚህ ፋራ አይደሉም።

ቤቱ የእትዬ ተናኘወርቅ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ስትወርድ፣ ከለታ ሥጋ ቤት ጎን። እትዬ ተናኘ በምን ይታወቃሉ? ክትፏቸው ቆንጆ ነው፣ እሺ። ግን የሚታወቁት ደረሰኝ በመቁረጥ ነው። ለሻይም ይቆርጣሉ! "ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ" የምትለዋን ወረቀት ሁሉም ቤት ለጥፏታል፣ አብዛኛው ጋ ግን የግድግዳ ጌጥ ናት። እኛ ጋ ሕግ ናት። አንዱ ደንበኛ "ደረሰኙን ተይውና ቫቱን ቀንሺልኝ" ሲላቸው፣ "የኔ ጌታ፣ ቫቱ የኔ አይደለም እኮ የምቀንስልህ። አደራ ነው" አሉት። ሰውዬው እስከዛሬ ያን ሲያወራ ይኖራል።

እኔስ? እሳቸው ጋ ከመግባቴ በፊት ያልነካካሁት የለም። ሚኒባስ ጠርቻለሁ፣ መኪና አጥቤያለሁ፣ ቤት አከራይና ተከራይ አገናኝቻለሁ። ሁሉም እጅ በእጅ፣ ዛሬ አለህ ነገ የለህም። እትዬ ሲቀጥሩኝ ቲን ቁጥር አውጣ አሉኝ።

"እትዬ፣ ቲን የሀብታም አይደል እንዴ?"

"የሚሠራ ሰው ነው" አሉኝ።

መጀመሪያ ደሞዜ ላይ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ሳይ ጨስኩ። የማላውቀው መንግሥት ጋ ደሞዜን አካፈሉኝ ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት። በኋላ ለመድኩት። እንደውም መጎረር ጀመርኩ። ጀለሶቼ ተቀምጠው ስለተቆፈረ መንገድ ሲያማርሩ፣ "ዝም በሉ እናንተ! ማማረር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። ሲናደዱ ደስ ይለኛል።

በቃ፣ እንደዚህ ዓይነት ቤት ነው የተሰረቀው።

ፖሊስ ስንጠራ አንድ ሆዳም ሳጅን ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣችው ኢንስፔክተር ልደት ናት። አጭር፣ ሲቪል የለበሰች፣ ስኒከር ያደረገች። በሩን ነካካችው፣ ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ አየች፣ ከዛ ወደ ጓዳ ገብታ የኋላውን በር ከፈተች። ከለታ ጋር የምንጋራው ግቢ ነው። ተመልሳ መጣችና ጀመረች።

"ቁልፍ ያለው ማነው?"

"ሦስታችን ነን" አሉ እትዬ ተናኘ። "እኔ፣ ደጋጋ፣ ደሞ ጋሽ ከተማ። ሒሳባችንን የሚሠሩልን ናቸው። የዚህ መስመር ነጋዴ ሁሉ ሒሳብ እሳቸው ጋ ነው። እሑድ እሑድ ሰው ሲቀንስ እኛ ጓዳ ቁጭ ብለው ይሠራሉ።"

"ደጋጋ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አየችኝ። በዛ እይታ ብቻ ግማሽ ፍርዴን የጨረስኩ መሰለኝ።

"ፋሲካን የት ዋልክ?"

"ቤቴ። ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ።"

"ከማን ጋር?"

"ከዶሮዬ ጋር።"

ፋኢዛ በሻርፗ አፏን ያዘች። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም።

"ዶሮዋ ትመስክርልህ?"

"በልቻታለሁ።"

"እንግዲህ ምስክርህን በልተሃል ማለት ነው።"

ነቄ ናት! እዛው ወደድኳት፣ የምታስረኝ እሷ ብትሆንም።

"ሥራህ ምንድነው እዚህ?"

"አስተናጋጅ። ተቀጣሪ። በፔሮል" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"በፔሮል የሚሰርቅም አለ" አለችና ወደ ለታ ሥጋ ቤት ሄደች። ማንም ተከተለኝ አላለኝም፣ ተከተልኳት።

ለታ ቢላውን እየሳለ ነበር። ገና ሲያያት ቢላውን አስቀመጠ፣ ከዛ ማስቀመጡ ራሱ ጥፋተኛ ያስመስለኛል ብሎ ነው መሰለኝ መልሶ አነሳው።

"ከተናኘወርቅ ጋር ተጣልታችኋል አሉ" አለችው።

"ማን? እኔ? እ... ተጣልተን አይደለም። ማለቴ፣ ሰላም እንባባላለን።"

"እንግዲያው ምንድነው?"

"ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርሽ አይደል? እሷ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ለሻይ! ከዛ ደንበኛዬ እዛ ሻይ ጠጥቶ እኔ ጋ ይመጣል። 'ሻይ በደረሰኝ ጠጥቼ ሥጋ ያለ ደረሰኝ?' ይለኛል። ምን ልበለው?"

"ደረሰኝ ትሰጠዋለህ።"

"ያው... ማሽኗ አንዳንዴ ትበላሻለች" አለ ወደ ማሽኑ እያየ። ማሽኑ ላይ የሥጋ ወረቀት ክምር ነበር። በዛች ደቂቃ ለታ ማሽን ሰረቀ ቢሉኝ አምናለሁ። የራሱን መጠቀም የማይፈልግ የሰው ይሰርቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

"ከሐሙስ እስከ ትላንት የት ነበርክ?"

"ቅዳሜ ማታ ቄራ ነኝ፣ እስኪነጋ። እሑድ እዚሁ ነኝ፣ ሰው ተጋፍቶ። ሰኞም። የፋሲካ ሰሞን ሥጋ ሻጭ ዞር ይላል እንዴ? ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን ጊዜ አልነበረኝም!"

"ይሄንን አልጠየቅኩህም።"

"አይ፣ አሊባይ፣ የት እንደዋልክ አስረዳ ካልሽ ብዬ ነው።"

ተመልሰን ስንገባ እትዬ ተናኘ በሩ ላይ ቆመው ደንበኛ እየመለሱ ነበር። የፋሲካ ሳምንት! ሰው ሁለት ወር ጾሞ ሥጋ ሥጋ የሚልበት ሳምንት!

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኩ።

"ማሽን የለም።"

"ታዲያ በቃል እንሽጣ! ማን ያያል?"

"ደጋጋ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ማንም ባያይ እኔ አያለሁ።"

ግብር ቢሮ ሄደው አመለከቱ፣ በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ እስኪፈቀድላቸው ቤቱ ዝግ ሆነ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውን ሥጋ ለሠራተኛው አከፋፈሉን። የሰፈሩ ነጋዴ እብድ ናት አለ። እኔም በልቤ ብያለሁ፣ ሥጋዬን ተሸክሜ ወደ ቤት ስሄድ ግን አንገቴ ቀና ብሎ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፈቃዱ መጣና ከፈትን። የእጅ ደረሰኙን የምጽፈው እኔ ነኝ። እጅ ጽሑፌ ዶሮ ጭራ የሄደችበት ነው የሚመስለው። አንዱ ደንበኛ "ይሄ ደረሰኝ ነው ወይስ ክታብ?" አለኝ። "አንገትህ ላይ እሰረው፣ ከቡዳ ያድንሃል" አልኩት። ከፈለ።

በዛው ሰሞን ነው ፍሬአብ የመጣው። ፍሬአብ የግብር ቢሮ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ። ቁጭ በል አልነው፣ አልቀመጥም አለ። ያኔ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

"ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ማሽኔ ጠፋ ብለዋል።"

"አዎ ልጄ። ለፖሊስም አመልክቻለሁ።"

"ማሽንዎ አልጠፋም።"

"ተገኘች?" ፋኢዛ ዘለለች።

"እየሸጠች ነው። በየቀኑ። የሸጠችውን በየቀኑ ትልክልናለች። ትላንት ብቻ የሸጠችው እናንተ በሳምንት ከምትሸጡት ይበልጣል። የስብሰባ ምሳ፣ የስልጠና ምሳ፣ ክትፎ፣ ጥብስ።"

እትዬ ተናኘ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"ማን ነው የሚሸጠው?" አሉ።

"እኛም ይሄንኑ ነው የምንጠይቀው። ምግብ የለም፣ ደረሰኝ ብቻ ነው። የውሸት ስብሰባ አድርገው ገንዘብ ለሚያወራርዱ ሰዎች ደረሰኝ የሚሸጥ አለ። ማሽን ጠፋብኝ ብሎ ደብቆ ያንን የሚሠራም አይተናል። ደረሰኙ ላይ ያለው የርሶ ስም ነው፣ የርሶ ቲን ነው። ቫቱም በርሶ ላይ ነው የሚቆጠረው። ለሰኞ አለቆቼ ውሳኔ ይፈልጋሉ። ካልተገኘ ቤቱ ይታሸጋል፣ ክሱም በስምዎ ይከፈታል።"

"እሳቸው ሌባ ናቸው ነው የምትለው?" ብዬ ተነሳሁ። "አንተ ሸሚዝህን መቆለፍ ሳትችል ጀምሮ እሳቸው ይከፍላሉ!"

"ደጋጋ! ተቀመጥ" አሉኝ። "ልጁ ሥራውን ነው የሚሠራው።" ከዛ ለፍሬአብ፣ "ሻይ ጠጣ። በደረሰኝ ነው፣ አትፍራ።"

አልጠጣም። ሲወጣ ግን በሩ ጋ ዞር ብሎ አያቸው። እሱም ያፈረ መሰለኝ።

እትዬ እንባ የሚያወጡ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ጓዳ ገብተው ሽንኩርት ከተፉ። ለምሳ ከሚያስፈልገን በላይ ከተፉ። ፋኢዛ ልትቀበላቸው ስትል "ተይኝ" አሉ። "የሰው እጅ አላየሁም፣ የመንግሥትም እጅ አላየሁም። ስሜን ግን ገበያ አወጡት።"

ኢንስፔክተር ልደት ከዛ በኋላ ጋሽ ከተማን ልታናግር መጣች። ጋሽ ከተማ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ኮትና ከረባት፣ ሁሌ ቦርሳ። ስኳር ስላለባቸው የውጪ ምግብ አይቀምሱም፣ ምሳቸውን በሳህን ቋጥረው ነው የሚመጡት። በቤታችን ያን ሁሉ እሑድ ሲቀመጡ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር ቀምሰው አያውቁም። ስለ ግብር ሲያወሩ ግን ቄስ ይመስላሉ። "ግብር ማለት አገር ማለት ነው" ብለው ሲጀምሩ እኔ ራሴ ትንሽ ብር ይዤ ግብር ቢሮ ልሮጥ ያምረኛል።

"ከሐሙስ እስከ ሰኞ የት ነበሩ?" አለቻቸው።

"ናዝሬት። እህቴ ጋ ፋሲካን ልውል ሄጄ፣ ቤቷ እንግዳ ስለበዛ ሆቴል ነው ያደርኩት።"

"የሚያረጋግጥልኝ ነገር አለ?"

ፈገግ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። "እኔ ያለ ደረሰኝ የትም አላድርም፣ የኔ ልጅ።" የሆቴል ደረሰኝ ሰጧት። አየችው፣ ቁጥሩን መዘገበች፣ አመስግና መለሰችላቸው። ከዛ ወደኔ ዞረች።

"አየህ? ሰው ማለት እንደዚህ ነው። አንተ ዶሮ ትበላለህ፣ እሳቸው ደረሰኝ ይይዛሉ።"

"ዶሮዋ ደረሰኝ አልነበራትም" አልኩ። ከዛ በጣቴ ቆጠርኩ። እትዬ አይሰርቁም። ጋሽ ከተማ ናዝሬት ነበሩ። ለታን ያን ሰሞን ከባንኮኒው ዞር ሲል ያየው ሰው የለም። የቀረው ማነው? እኔ ነኛ! በሰፈር ስሄድ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ጀመር። አንዱ ጀለሴማ "ደረሰኝ ትሸጥልኛለህ?" አለኝ። ሁለተኛ አናግሬው አላውቅም።

አርብ መጣ። ሰኞ ሊታሸግ ነው። ኢንስፔክተር ልደት ምሳ ሳይደርስ ገባችና ጥግ ተቀመጠች፣ ደክሟታል። ፖሊሶቹ የማሽኗ ሲም የት እንዳለ ቴሌን ጠይቀው መልስ እየጠበቁ ነው አሉ። ጥበቃውን ታውቁታላችሁ።

"ምን ልታዘዝ?"

"ባክህ በያይነቱ አምጣልኝ። ከፋሲካ ጀምሮ ሥጋ፣ ሥጋ፣ ሥጋ። ሰለቸኝ።"

"ኢንስፔክተር፣ በያይነቱ የለም።"

"አርብ አይደል እንዴ?"

"አርብ ነው። ግን በዓለ ሃምሳ ነው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም አርብም አይጾምም። ማን ይበላልናል? ሃምሳውን ቀን የጾም ድስት አይወጣም እዚህ ቤት። ሽሮ እንኳን የምንሠራው በቅቤ ነው። ፋኢዛን ይጠይቋት፣ ሙስሊም ሆና እሷ ናት መቼ እንደሚጾም የምትነግረን፣ ለሜኑው ስትል።"

አየችኝ። ያቺ የደከመች ፊት ቀስ ብላ ነቃች።

"አንተ" አለች።

"ምን አደረኩ?"

"ያቺ ማሽን ባለፈው አርብ ምን ስትሸጥ እንደዋለች ታውቃለህ? ፍሬአብ አሳይቶኛል። በያይነቱ። ሌላ ቀን ክትፎና ጥብስ፣ አርብ ግን ለአርባ ሰው በያይነቱ! እኔም አየሁት፣ አርብ ነው ብዬ አለፍኩት። ዓይኔ አየ፣ ጭንቅላቴ ተኛ።"

ሣቅኩ። ማለቴ፣ እንዴት አይሳቅም? በሃምሳ አርብ ለአርባ ሰው በያይነቱ! በጠመንጃ አስገድደህ ነው የምታበላው።

"ይሄንን የሚሳሳት እዚህ የሚሠራ ነው?" አለችኝ።

"እብድ ካልሆነ አይሳሳትም።"

"ለታስ?"

"ሥጋ ሻጭ? ኢንስፔክተር፣ ሥጋ ሻጭ እኮ ሁዳዴን ሙሉ ዘግቶ የሚጠብቀው ለዚች አርብ ነው! ለታ የልጁን ልደት ይረሳል፣ የሃምሳን አርብ አይረሳም።"

ጣቶቿን ጠረጴዛ ላይ አንኳኳች። ከዛ ስልኳን ይዛ ውጪ ወጣች፣ ብዙ ደወለች። ስትመለስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ ከተማንና ለታን ለምሳ ጥራልኝ። ቃላችሁን ትፈርማላችሁ በላቸው። ፍሬአብንም ጠርቼዋለሁ። አንተ አፍህን ትዘጋለህ።"

"እኔ?"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ። ካቃተህ እንጀራ ጎርስበት።"

ሁሉም መጡ። ጋሽ ከተማ የተቋጠረ ሳህናቸውን ጠረጴዛ ላይ አደረጉ። ለታ በነጭ ጋዋኑ፣ ፍሬአብ እንደተቆለፈ። እትዬ ተናኘ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን አጣምረው። አርብ ነው፣ ሰኞ ቅርብ ነው።

"ዛሬ ምሳ በኔ ነው" አለች ኢንስፔክተር ልደት። "ጋሽ ከተማ፣ የራስዎን እንደያዙ አይቻለሁ። እስቲ እንደ ትልቅ ሰውነትዎ ለኛ ይዘዙልን። ምን ይምጣ?"

ጋሽ ከተማ ደስ አላቸው። ትልቅ ሰው ማክበር ማንን ያስከፋል? መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ምን ጥያቄ አለው?" አሉ። "አርብ አይደል? በያይነቱ ነዋ። ትልቅ ትሪ በያይነቱ ይምጣላችሁ።"

ለታ ፈነዳ። "በያይነቱ? ጋሼ፣ በሃምሳ? እኔን ሊያከስሩኝ ነው እንዴ?"

ፋኢዛ ባንኮኒው ጀርባ ሆና ሳቀች። እኔ አፌን በእንጀራ ሞልቼ ነበር፣ ሊያንቀኝ። ጋሽ ከተማም ትንሽ ፈገግ አሉ፣ ከዛ ኢንስፔክተሯን አዩ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ፣ ግን ውስጡ ሰው የለም።

"ከጾሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?" አለች ለስለስ ብላ።

"እኔ... በአብዮቱ ጊዜ ነው የተውኩት። ተማሪ ሆነን። ምነው?"

"ለዛ ነዋ። እርሶ ይህንን ቤት የሚያውቁት በቁጥር ነው። ምግቡን ቀምሰው አያውቁም። ሒሳቡ ላይ ረቡዕና አርብ በያይነቱ እንደሚሸጥ አይተዋል። የሃምሳው ሒሳብ ግን ገና እጅዎ አልገባም። እዚህ መስመር ሥራ የጀመሩት መቼ ነው?"

"ከመስከረም ወዲህ ናቸው" አሉ እትዬ ተናኘ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

"እኔ ናዝሬት ነበርኩ! ደረሰኝ አሳይቼሻለሁ!"

"አሳይተውኛል። ሆቴሉ ጋ ደወልኩ፣ በዛ ቁጥር የቆረጥነው ደረሰኝ የለም አሉ። ጋሽ ከተማ፣ በዚህ መስመር ፋሲካን የት እንደዋለ በደረሰኝ ያስረዳኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደጋጋ ዶሮ ነበረው፣ ለታ ቄራ ነበረው። የርሶ ብቻ ተዘጋጅቶ ቦርሳ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።"

ስልኳ ጠራ። አዳመጠች። "እሺ። ትሞቃለች? ደህና፣ ሳትነቅሉ ፎቶ አንሷት።" ዘጋችና ወደ እትዬ ዞረች። "ቢሯቸው ውስጥ፣ የማተሚያ ካርቶን ስር። ሥራ ላይ ነበረች።"

ጋሽ ከተማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ለምን የኔን?" አሉ እትዬ ተናኘ። "ይሄ ሁሉ ቤት እያለ?"

"የርሶ ስለሆነ ነዋ!" አሉ። ድንገት የተናደዱ መሰሉ። "የለታን ደረሰኝ ማን ይቀበላል? ኦዲተር ሲያየው ይስቃል። የርሶን ግን አይጠራጠርም፣ ተናኘ ከሆነ እውነት ነው ይላል። ደሞ መንግሥት ምን ተጎዳ? ይሄ መስመር በሙሉ ሽያጫችንን አሳንስልን እያለ ነው የሚያስጨንቀኝ። የነሱን ስቀንስ የኖርኩትን በርሶ ላይ ጨመርኩት። ተካካሰ!"

ፍሬአብ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። "የማንን ማንን ነው የቀነሱት?" አለ።

ለታ ዝም ብሎ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

እትዬ ተናኘ ተነሱ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

"ጋሽ ከተማ፣ እኔ እኮ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። ሁለት ጉልቻ ይዤ ነው ከዚህ በረንዳ የጀመርኩት። ያኔም ቀበሌ ሄጄ ለምሸጠው ክፈይ ሳይሉኝ ስንት ልክፈል ብያለሁ። ሰው ሲያልፍ 'የተናኘ ነው' ሲል የሚሰማኝ ነገር፣ ያ ነው ያለኝ። እርሶ የሸጡት በያይነቱ አይደለም። እሱን ነው።"

ጋሽ ከተማ ኢንስፔክተር ልደት ስታስነሳቸው ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ፣ እንደቋጠሩት።

ፍሬአብ ሲወጣ እትዬ ጋ ቀርቦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "የውሸት ሽያጩ ከስምዎ ይሰረዛል። ቤቱም አይታሸግም። እኔ ራሴ ነኝ የምጽፈው" አለ። "ሻይም እጠጣለሁ፣ ካለ።" ጠጣ። ከፈለ። እኔ በዛ በክታብ ጽሑፌ ደረሰኝ ጻፍኩለት፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ለታ ሰኞ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። ሸሸ ተባለ። ለካስ ግብር ቢሮ ነው የሄደው፣ ሳይጠሩት። በማግስቱ ሲመለስ ፊቱ እንደ ታጠበ ጨጓራ ነጥቷል። "ገፈፉኝ" አለኝ። "ግን ተኛሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማታ ተኛሁ።" ማሽኑ ላይ የነበረው የሥጋ ወረቀት ተነስቶ ነበር። ልተርበው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

ማሽኗ ለማስረጃ ጥቂት ቆይታ፣ ተፈትሻ ተመለሰች። ፋኢዛ ሙሽራ እንደምትቀበል በስፖንጅ ጠረገቻት። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለማን እንቁረጥ ብለን ስንጨቃጨቅ እትዬ ተናኘ ከጓዳ ወጡ፣ በእጃቸው የተቋጠረ ሳህን።

"ጎመን በሥጋ፣ ቅቤ የሌለው። ቁረጪ" አሏት ለፋኢዛ። ከራሳቸው ቦርሳ ብር አወጡ። "ደጋጋ፣ ይሄንን ጣቢያ አድርስልኝ። ለጋሽ ከተማ።"

"ለሌባው? እትዬ!"

"ቤተሰብ የሚያመጣላቸው የለም አሉ። ስኳር አለባቸው። ገና ሳይፈረድባቸው ይራቡ?"

"እሺ ይብሉ። ደረሰኙ ግን ምን ያደርግላቸዋል?"

"ከኔ ቤት የወጣ ምግብ ነው" አሉ። "ያለ ደረሰኝ አይወጣም።"

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እያጉረመረምኩ። ጣቢያ በር ላይ ስንቅ የያዙ እናቶች ተሰልፈዋል፣ ተሰለፍኩ። ፖሊሱ ምግቡን አስቀመሰኝ፣ አሳለፈኝ። ጋሽ ከተማን አመጧቸው። ከረባት የለም። እኔን ሲያዩ ወደ መሬት አዩ።

"ከማነው?"

"ከእትዬ ተናኘ።"

ሳህኑን ተቀበሉ፣ አልከፈቱትም። ደረሰኙን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዞሩት፣ እንደ ልማዳቸው ዋጋውን አዩ፣ ቫቱን በአፋቸው አባዙ፣ ደመሩ። ከዛ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ልክ ነው" አሉ።

"ልክ ነዋ!" አልኩ። ጣቢያው ሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ። "የኛ ቤት ነው!"